ሁለት ተርንቴብል፣ አንድ ላፕቶፕ፤ መሃል ላይ ምን ይቀመጥ?

ሁለት ተርንቴብል (ሸክላ ማጫወቻ) አላችሁ። ላፕቶፕ አላችሁ። በዘፈን የተሞላ ሃርድ ዲስክም አለ። የላፕቶፑን ዘፈን ተርንቴብሉ ላይ ባለ ሸክላ በእጃችሁ እየተቆጣጠራችሁ መጫወት ትፈልጋላችሁ። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ ነገር ብቻ ነው። ምክር ስትጠይቁ ግን አንዱ "ሴራቶ ግዙ" ይላል። ሌላው "ኧረ ትራክተር ነው የሚሻለው" ይላል፤ ሁለቱም የዲጄ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ "ዩኤስቢ ያለው ተርንቴብል ካላችሁ ምንም አያስፈልጋችሁም" ብሎ ይሸኛችኋል። የሦስተኛው ምክር ብዙ ሰው ኪስ ያራቆተ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ሶፍትዌሩን ተዉትና መጀመሪያ መሃል ላይ የሚቀመጠውን ሳጥን ምረጡ። በየትኛው ሶፍትዌር እንደምትጫወቱ፣ ስንት ጊዜ ተጨማሪ እንደምትከፍሉ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዕቃው ይሠራ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

ሸክላው ላይ ያለው ምንድን ነው?

ላፕቶፑን የምታዙበት፣ ታይምኮድ የሚባለው ሸክላ ላይ ዘፈን የለም። እንዳለ በስፒከር ብትለቁት ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ፉጨት ነው የምትሰሙት። የሴራቶው ቃና 1,000 ኸርዝ ነው፤ የትራክተር ሁለተኛው ትውልድ ሸክላ 2,500 ኸርዝ ነው። መርፌው ያንን ፉጨት ያነባል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ከፉጨቱ ሦስት ነገር ያወጣል።

አንደኛው ፍጥነት ነው። ሸክላው ሲፈጥን ቃናው ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይወፍራል። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው። የግራውና የቀኙ ድምፅ እኩል አይሄዱም፣ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይቀድማል። የቀደመው የትኛው እንደሆነ ሲታይ ሸክላው ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ እየዞረ ይታወቃል። ሦስተኛው ቦታ ነው። ፉጨቱ ውስጥ የተቀረጸ ኮድ ስላለ መርፌው የት እንዳረፈ ይነበባል። መርፌውን አንስታችሁ መሃል ላይ ብታስቀምጡት ዘፈኑም መሃሉ ላይ ይጀምራል።

ልብ በሉ፣ አቅጣጫው የሚታወቀው ሁለቱም ቻናል ሲደርስ ብቻ ነው። የላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አንድ ቻናል ብቻ ነው የሚቀበለው። "በማይክ ቀዳዳ ላስገባውና ልሞክር" የሚለውን ሐሳብ እዚሁ ላይ ተዉት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ከኔዘርላንድ የመጣው ፋይናል ስክራች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የኒው ዚላንዱ ሴራቶ ከአሜሪካው ሬን ጋር ሆኖ ስክራች ላይቭን አወጣ። የበርሊኑ ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስም ትራክተር ስክራችን ይዞ ገባ። ሁሉም የየራሱን ሸክላ፣ የየራሱን ሳጥንና የየራሱን ሶፍትዌር እርስ በርስ ቆልፎ ነበር የሚሸጠው። ዛሬ ቁልፉ በከፊል ተፈቷል፣ በከፊል ደግሞ እንደታሰረ ነው። ግራ የሚያጋባውም እሱ ነው።

"ለምን ይህን ሁሉ? ትንሽ ኮንትሮለር (ሶፍትዌሩን በቁልፎችና በትንንሽ ዲስኮች የሚያዝ ሰሌዳ) አይበቃም?" ለሚል ሰው ከእኛው ሙዚቃ መልስ አለ። የድሮ የአማርኛ ዘፈኖች ላይ ከበሮውን የመታው ሰው ነው፤ መሣሪያ አይደለም። ዘፈኑ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሲበርድ ይዘገያል። በዚያ ላይ ችክችካው ስድስት በስምንት ነው። ሶፍትዌሩ ምቱን ሲቆጥር ግራ ይጋባል፣ ሁለት ዘፈን በራሷ የምታገጣጥመው ሲንክ የምትባለዋ ቁልፍም ጉድ ታደርጋችኋለች። እጅ ሸክላው ላይ ሲሆን ግን ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ ያዝ እያደረጋችሁ ትከተሉታላችሁ። ሌላም ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አምሃ ሪከርድስ፣ ኋላም ካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸው ትንንሽ ሸክላዎች ዛሬ በቀላሉ አይገኙም። አንዴ በጥሩ መርፌ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ፣ ዋናውን ቤት አስቀምጦ፣ በታይምኮድ መጫወት ለሸክላውም ዕረፍት ነው።

ከመግዛት በፊት የሚታዩ ነገሮች

*መግቢያና መውጫ።* አንድ ተርንቴብል ግራና ቀኝ ስላለው ሁለት መግቢያ ይፈልጋል። ሁለት ተርንቴብል አራት መግቢያ ማለት ነው። ድምፁ ወደ ሚክሰር (ዘፈኖቹን ወደሚቀላቅለው ሰሌዳ) ሲመለስም ለሁለቱ ዘፈን አራት መውጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር "4 መግቢያ፣ 4 መውጫ" የሚለው ነው። ሁለት መግቢያና አራት መውጫ ያለው ሳጥን ለኮንትሮለር ዲጄ ይሆናል፣ ለእናንተ ግን አይሆንም።

*ፎኖ ወይስ ላይን?* ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ በጣም ደካማ ነው፤ 5 ሚሊቮልት አካባቢ። ተራ የላይን መግቢያ የሚጠብቀው ደግሞ 300 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፣ የ60 እጥፍ ልዩነት አለ። ይህን የሚያጎላው ፎኖ ፕሪአምፕ ይባላል። ወይ ሳጥኑ ውስጥ፣ ወይ ሚክሰሩ ውስጥ፣ ወይ ተርንቴብሉ ውስጥ መኖር አለበት። አንድ ቦታ ብቻ! ሁለት ጊዜ ከጎላ ድምፁ ይቀደዳል፣ ሶፍትዌሩም ማንበብ ያቅተዋል።

*ቁልፉ።* ሴራቶ በታይምኮድ የሚሠራው ራሱ ባጸደቃቸው ዕቃዎች ላይ ብቻ ነው። ዕቃው ፈቃዱን ይዞ ካልመጣም ለታይምኮዱ ለብቻው ትከፍላላችሁ። ሪከርድቦክስ የሚባለው ሶፍትዌርም ወይ ፈቃዱን የሚከፍት ዕቃ ወይ ደንበኝነት ይፈልጋል። ትራክተር ከፕሮ 3 ወዲህ በሩን ከፍቷል፤ አራት መግቢያና አራት መውጫ ያለው ማንኛውም ሳውንድ ካርድ (ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባና የሚያስወጣ ሳጥን) ይበቃዋል። ቨርቹዋል ዲጄም ስለ ሳውንድ ካርዱ ዓይነት አይጨቃጨቅም። ሚክስክስ ደግሞ ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፣ ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም።

*መዘግየት።* እጃችሁ ሸክላውን ሲነካና ድምፁ ሲሰማ በመሃል ትንሽ ጊዜ ያልፋል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ባፈር የሚባለውን ቁጥር አይታችሁ ማስላት ትችላላችሁ። በ44,100 ናሙና በሰከንድ፣ ባፈሩ 128 ከሆነ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ 512 ከሆነ 12 ገደማ፣ 1,024 ከሆነ 23 ገደማ ነው። ድምፁ ገብቶ ስለሚወጣ እውነተኛው መዘግየት ከዚህ በላይ ነው። ዘፈን ከዘፈን ለማያያዝ 512 ያኖራችኋል። ስክራች ለሚያደርግ (ሸክላውን በእጁ ወዲያ ወዲህ እያለ ለሚጫወት) ሰው ግን ከ256 በላይ እጅ ላይ ላስቲክ የታሰረ ያህል ነው። ባፈሩን ዝቅ ማድረግ የሚችለው ጥሩ ድራይቨር (ሳጥኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ያለው ሳጥን ነው። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ሰዎች ኤኤስአይኦ የሚባለው ድራይቨር መኖሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ።

*እውነተኛ ሸክላ ማጫወት።* በመሃል ዋናውን ሸክላ ማጫወት ከፈለጋችሁ ኬብል ሳትነቅሉ የሚያሳልፍ ሳጥን ያስፈልጋል። ለአንዳንዱ ይህ ምንም አይደለም፣ ለሰብሳቢ ግን ዋናው ነገር ነው።

አንደኛው አማራጭ፦ ሳውንድ ካርዱ ውስጡ ያለ ሚክሰር

ገንዘብ ካለ ይኼ ነው። ተርንቴብሎቹ ሚክሰሩ ላይ ይሰካሉ፣ ከሚክሰሩ አንድ የዩኤስቢ ገመድ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል፣ አለቀ። ፕሪአምፑ ውስጥ አለ፣ የግራውንድ ሽቦ ማሰሪያው አለ፣ እውነተኛ ሸክላ ስትፈልጉ ማብሪያዋን ወደ ፎኖ መመለስ ነው።

የፓዮኒር ዲጄኤም-ኤስ7፣ የሬን ሰቨንቲ፣ የኑማርክ ስክራች እዚህ ወገን ናቸው። ሦስቱም የስክራች ሚክሰሮች ሲሆኑ ከሴራቶ ጋር ይሠራሉ። ኤስ7 ከሪከርድቦክስም ጋር ይግባባል። በዋጋ ግን አይቀራረቡም፤ ኑማርኩ ከሦስቱ ርካሹ ነው፣ ሁለቱ ውድ ናቸው። ልዩነቱ በአብዛኛው ያለው በፌደሩ (ከዘፈን ወደ ዘፈን በሚያሻግረው ተንሸራታች) ጥራት፣ በቁልፎቹ ብዛትና በዩኤስቢ ቀዳዳው ቁጥር ላይ ነው። ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው ሚክሰር ዲጄ ሲቀያየር ወርቅ ነው። ገቢው የራሱን ላፕቶፕ ይሰካል፣ ወጪው ሳይቸኩል ይነቅላል፣ ሙዚቃው አይቋረጥም። ቤት ለብቻው ለሚጫወት ሰው ግን ያለ ጥቅም የተከፈለ ገንዘብ ነው።

ድክመቱ አንድ ዕቃ ላይ ሁሉን ማንጠልጠሉ ነው። ሚክሰሩ ሲበላሽ ሳውንድ ካርዱም አብሮ ሄደ። መብራት ብልጭ ብሎ ከተመለሰም ላፕቶፑ በባትሪው ቀጥሎ ሚክሰሩ ግን ጠፍቶ ይነሳል፣ ሶፍትዌሩም "ዕቃው የለም" ብሎ ያፈጣል። እንደ አዲስ አበባ መብራት በሚጫወትበት ከተማ ለሚክሰሩና ለተርንቴብሎቹ ትንሽ ዩፒኤስ ማሰብ ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው፦ ለብቻው የሚሸጥ የዲጄ ሳጥን

ደስ የሚል ሚክሰር ቀድሞ ላለው ሰው ይኼ የተሠራለት ነው። ሳጥኑ በተርንቴብሎቹና በሚክሰሩ መካከል ይገባል። ከተርንቴብል ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፕ ተመልሶ ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ሚክሰሩ ላይን መግቢያ። በሚክሰሩ ፎኖ መግቢያ ከሰካችሁት ድምፁ ይቀደዳል፣ ልብ በሉ።

የሬን ኤስኤል ተከታታይ፣ የኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ ኦዲዮ 6 እና ኦዲዮ 10፣ የዴነን ዲኤስ1፣ የፓዮኒር ኢንተርፌስ 2 የዚህ ዘር ናቸው። አብዛኞቹ ዛሬ የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው፤ ኩባንያዎቹ ወደ ሚክሰሮቹ ዞረዋል። ጥሩነታቸው ፎኖና ላይን መቀያየር መቻላቸውና ለታይምኮድ ብቻ ተብለው መሠራታቸው ነው። ያገለገለ ኦዲዮ 6 በትክክለኛ ዋጋ ካገኛችሁ ከአዲስ ተራ ሳውንድ ካርድ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ግን ያገለገለ ሲገዛ ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ኤስኤል1 የሚሠራው በድሮው ስክራች ላይቭ ብቻ ነው። አሁን ባለው ሴራቶ ዲጄ ላይ አይከፈትም። ኤስኤል2፣ 3 እና 4 ሴራቶ ዲጄ ሲመጣ አብረው ተሻግረዋል፣ ኤስኤል1 ግን ቀርቷል። መልኩ ያምራል፣ ዋጋው ይስባል፣ ሻጩም "ኦሪጅናል የሬን ዕቃ ነው" ይላችኋል፤ ውሸት አይደለም፣ ግን አትግዙት። ለሌሎቹም ድራይቨራቸው በእናንተ ላፕቶፕ ስርዓት ላይ መኖሩን ከኩባንያው ገጽ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። በተለይ አዲስ ማክ ያላችሁ ሰዎች።

ሦስተኛው፦ ተራ ሳውንድ ካርድና ነፃ ሶፍትዌር

የብዙ አንባቢ አቅም እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

አራት መግቢያና አራት መውጫ ያለው ማንኛውም የስቱዲዮ ሳውንድ ካርድ ይሠራል። ለምሳሌ የቤህሪንገር ዩኤምሲ404ኤችዲ አራት በአራት ነው። ፎኖ ግን የለውም፤ እነዚህ ካርዶች ለማይክና ለጊታር የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተርንቴብል ትንሽ ፕሪአምፕ ትገዛላችሁ፣ ወይም ጀርባው ላይ "ፎኖ/ላይን" መቀያየሪያ ያለው ተርንቴብል ከሆነ ላይን ላይ ታደርጉታላችሁ። ኬብሉም ይቀየራል። የተርንቴብሉ ቀይና ነጭ ጃክ ወደ ትልቁ የጊታር ጃክ የሚገባበት ማገናኛ ያስፈልጋል።

አንድ ምስጢር ላካፍላችሁ። ፎኖ ፕሪአምፕ ሁለት ሥራ አለው፤ ማጉላትና የሸክላውን የባስና የትሬብል ሚዛን መመለስ። ታይምኮዱ ግን አንድ ቃና ብቻ ነው። የሸክላ ሚዛን ደግሞ 1,000 ኸርዝ ላይ ምንም አይጨምርም፣ ምንም አይቀንስም። የሴራቶው ሸክላ ልክ እዚያ ላይ ስለሆነ የሚያስፈልገው ማጉላቱ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሚክስክስ በምርጫዎቹ ውስጥ የተርንቴብልን ድምፅ በሶፍትዌር የሚያጎላ መቆጣጠሪያ ያስቀመጠው። ፕሪአምፕ ሳይገዙ በዚህ መሞከር ይቻላል። ካርዱ ንፁህ ከሆነ ይሠራል፣ ጫጫታ ካለበት ጫጫታውም አብሮ ይጎላል። እውነተኛ ሸክላ ልስማ ካላችሁ ግን እውነተኛ ፕሪአምፕ የግድ ነው።

ሚክስክስ ታይምኮድ የሚያነብበት ክፍል የመጣው ኤክስዋክስ ከሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ነው። የሴራቶን ሸክላ በደንብ ያነባል፤ ሸክላ ስትገዙ የሴራቶውን ግዙ፣ ሶፍትዌር ብትቀይሩም አይጣልም። ቨርቹዋል ዲጄም ያውቀዋል። የትራክተሩ ሸክላ ግን የሚመቸው ለትራክተር ነው።

አንድ ተርንቴብል ብቻ ላለው ጀማሪ ከዚህም የሚረክስ መንገድ አለ። የቤህሪንገር ዩኤፍኦ202 የምትባል የእጅ መዳፍ የማታክል ሳጥን አለች፤ ፎኖ ፕሪአምፕ ውስጧ አለ፣ ሁለት መግቢያ ሁለት መውጫ ናት። በእሷና በሚክስክስ ስክራች መለማመድ ይቻላል። ዘፈን ከዘፈን መቀላቀል አይቻልም፣ ቀድሞ በጆሮ ማዳመጫ መስማትም የለም። "ሁለት ልግዛና ለሁለት ተርንቴብል ላድርጋት" የሚል ይኖራል። ሚክስክስ ሁለት ካርድ በአንዴ ይቀበላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ካርዶች የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው ቀስ በቀስ ይለያያሉ፣ መንተባተብ ይመጣል። ለልምምድ ካልሆነ ለዝግጅት አልመክርም።

የዚህ አማራጭ እዳው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። ማስተካከሉ አንድ ቅዳሜ ይበላል። ኬብሉ ይበዛል፣ ፕሪአምፑ የራሱ ሶኬት ይፈልጋል፣ የግራውንድ ሽቦው የት እንደሚታሰር ታስባላችሁ። ቤት ውስጥ አንዴ ተስካክቶ ለሚቀመጥ ይመቻል። በየሳምንቱ ነቅሎ ለሚሰካ ሰው ግን ስቃይ ነው።

ዩኤስቢ ያለው ተርንቴብል፦ ብዙ ሰው የገባበት ወጥመድ

ዩኤስቢ ያለው ተርንቴብል ዩኤስቢው የተሠራለት ለአንድ ሥራ ነው፦ ሸክላን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ። በገመዱ አንድ ስቴሪዮ ድምፅ ወደ ላፕቶፑ ይገባል። ወደ ሚክሰር የሚመለስ መውጫ የለውም። ሁለት እንዲህ ያሉ ተርንቴብሎች ብትሰኩ ኮምፒውተሩ የሚያያቸው ሁለት የተለያዩ ሳውንድ ካርዶች አድርጎ ነው፣ ድምፁ የሚወጣበት ደግሞ ሦስተኛ ካርድ ይሆናል። መዘግየቱ ይበዛል፣ ብዙ ሶፍትዌርም ይህን አይቀበልም።

ተርንቴብሉን ግን አትጣሉት። እንደ ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤልፒ120 ዩኤስቢ ያሉት ውስጣቸው ፕሪአምፕ አላቸው፣ ጀርባቸው ላይም የፎኖ/ላይን መቀያየሪያ አለ። የዩኤስቢውን ገመድ ወደ መሳቢያ ወርውሩት፣ መቀያየሪያውን ላይን ላይ አድርጉት፣ ከዚያ ከላይ ባልኩት ተራ ሳውንድ ካርድ ሰኩት። የፕሪአምፑን ወጪ አዳናችሁ ማለት ነው።

መርፌ የሌለው መንገድ

የፈረንሳዩ ኤምደብሊውኤም የሠራው ፌዝ የሚባል ዕቃ አለ። ትንሽ መሣሪያ ሸክላው መሃል ላይ ትቀመጣለች፣ የሸክላውን ዙረት በሬዲዮ ለሳጥኑ ትነግራለች፣ ሳጥኑ ደግሞ ራሱ ታይምኮድ ፈጥሮ ለሚክሰሩ ይሰጣል። መርፌ የለም፣ የመርፌ ማለቅ የለም። አዳራሹ በባስ ሲንቀጠቀጥ መርፌ ዘለለ የሚባል ጣጣም የለም። አቧራ ለሚበዛበት አገር ጥሩ መልስ ነው።

ግን ፌዝ ሳጥን አይተካም። ታይምኮድ የሚቀበል ሚክሰር ወይም ሳውንድ ካርድ ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ወጪ ነው። ባትሪ ይሞላል። መርፌ አንስቶ ሌላ ቦታ ማሳረፍም የለም። እኔ በግሌ የመርፌዋ ክርክርታ ስለሚናፍቀኝ አልተመቸኝም፤ ይህ ግን የጣዕም ጉዳይ ነው።

ኮንትሮለር ሆነው ጀርባቸው ላይ የፎኖ መግቢያ ያላቸውም አሉ፤ የትራክተር ኮንትሮል ኤስ4 ሦስተኛው ትውልድ አንዱ ነው። አስቀድሞ ካላችሁ ተርንቴብል ጨምሩበት። ለታይምኮድ ብላችሁ ግን አዲስ ኮንትሮለር አትግዙ፣ ለማትነኩት ዲስክ ነው የምትከፍሉት።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| አማራጭ | ወጪ | ፎኖ አለው? | ሶፍትዌር | የመስካት ቅለት | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ሳውንድ ካርድ ያለው ሚክሰር | ከመካከለኛ እስከ ከባድ | አዎ | በአብዛኛው ሴራቶ ወይም ሪከርድቦክስ | በጣም ቀላል | ለክለብና ለሰርግ ዲጄ |
| ያገለገለ የዲጄ ሳጥን | መካከለኛ | አዎ | እንደ ሳጥኑ፤ ድራይቨሩ ይታይ | ደህና | ጥሩ ሚክሰር ላለው |
| ባለ 4 በ4 ተራ ሳውንድ ካርድ | ዝቅተኛ | የለውም | ሚክስክስ፣ ትራክተር፣ ቨርቹዋል ዲጄ | አድካሚ | ለቤት |
| ባለ ሁለት መግቢያ ትንሽ ሳጥን | በጣም ዝቅተኛ | አንዳንዱ | ሚክስክስ | ቀላል | በአንድ ተርንቴብል ለሚለማመድ |
| በዩኤስቢ ገመድ ብቻ | ምንም | ውስጡ አለ | በተግባር የለም | ቀላል ይመስላል | ለመገልበጥ ብቻ |
| ፌዝ | ከባድ፣ በሌላው ላይ ተጨማሪ | አያስፈልገውም | ታይምኮድ የሚያነብ ሁሉ | ቀላል | ለሚንቀጠቀጥ መድረክ |

እንግዲህ የትኛውን?

እጅ ላይ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነና መጫወቻው ቤት ከሆነ፦ ባለ 4 በ4 ሳውንድ ካርድ፣ ሚክስክስ፣ ሁለት የሴራቶ ሸክላ። ገንዘብ ከተረፈ ለመርፌ አውሉት። ያለቀ መርፌ ታይምኮድን በደንብ አያነብም፣ ሰውም ጥፋቱን ሶፍትዌሩ ላይ ይለጥፋል።

በሰርግና በክለብ የምትሠሩ ከሆነ ሚክሰሩን ግዙ። ከአንድ ሥራ በፊት ለመስካት የሚሰጣችሁ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፕሪአምፕና ማገናኛ ስትፈልጉ መታየት የለባችሁም። ሌሎች ዲጄዎች የሚጠቀሙትን ሶፍትዌርም እዩ። አብዛኛው ጓደኛችሁ ሴራቶ ላይ ከሆነ ሴራቶ ላይ መሆን ይጠቅማችኋል፤ የራሳችሁ ላፕቶፕ ሲሞት የሌላ ሰው ያድናችኋል።

ሸክላ ሰብሳቢ ሆናችሁ አልፎ አልፎ ፋይል የምትጫወቱ ከሆነ ጥሩ ሚክሰራችሁን አትንኩት፤ የሚያሳልፍ ያገለገለ ሳጥን ፈልጉ።

ተርንቴብሉን ዘመድ ከዋሽንግተን የሚያመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ቮልት አንብቡ። አሜሪካ የተሸጠ ቴክኒክስ 1200 ማርክ 2 በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፤ አዲስ አበባ 220 ላይ እንዳለ ከሰካችሁት ጭስ ነው። 220ን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙ። "የእኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የእነሱ 60 ስለሆነ ፍጥነቱ ይዛባል" የሚለው ግን ለቴክኒክስ አይሠራም፤ ሞተሩ በራሱ ኳርትዝ ነው ፍጥነቱን የሚጠብቀው።

ያገለገለ ስትገዙ እዚያው ፈትሹ

ላፕቶፕና አንድ ታይምኮድ ሸክላ ይዛችሁ ሂዱ። ሶፍትዌሩ ውስጥ የታይምኮዱን ምስል የሚያሳይ ክብ አለ። ሸክላው ሲዞር ክቡ ንጹሕና ክብ መሆን አለበት። ሞላላ ከሆነ ግራና ቀኙ እኩል አይደሉም፤ ካርትሪጁን (መርፌው የተሰካበትን ዕቃ) አውጥታችሁ ጫፎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና መልሱት። ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ አንዱ ቻናል የለም፤ ኬብል ቀይሩና እዩ። ሸክላው ቆሞ ክቡ ከተንቀጠቀጠ የግራውንድ ሽቦው አልታሰረም፣ ወይም ሳጥኑ ራሱ ጫጫታ አለበት።

ዘፈኑ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ አትደንግጡ። እኔ አንዴ ጓደኛዬ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ይኼ ደረሰብኝ። ዘፈኑ ወደ ኋላ እየተጠቀለለ፣ አጎቱ ከጎኔ ቆሞ "ምን እያልክ ነው ልጄ?" ሲለኝ ላብ አጠመቀኝ። ጥፋቱ ቀይና ነጩን ጃክ አለቦታቸው መሰካቴ ነበር። ግራና ቀኝ ሲለዋወጡ ሶፍትዌሩ አቅጣጫውን ገልብጦ ያነባል። ጃኮቹን አለዋውጡ፣ በሁለቱም ተርንቴብል ፈትሹ፣ ሸክላውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእጃችሁ ግፉ፣ በዝግታም አዙሩት። በዝግታ ሲዞር ክቡ ሳይቆራረጥ ከተከተላችሁ ብሩን ቁጠሩለት።